ህንድ ምግብ ቤት ገብተን ካሎሪ ልንቀንስ ስንል የምንሠራቸው ስህተቶች

"የህንድ ምግብ ያወፍራል" ሲባል ትሰማላችሁ። ግማሹ እውነት ነው። ሜኑውን በደንብ ብታዩት ግን ምስር አለ፣ ሽምብራ አለ፣ እርጎ አለ፣ በእሳት የተጠበሰ ዶሮና ዓሣ አለ። የአትክልቱ ዓይነት ደግሞ ተቆጥሮ አያልቅም። ችግሩ ያለው እነዚህ ሁሉ የሚዋኙበት ቅቤ፣ ክሬምና ዘይት ላይ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ ይሰጣል። አንድ ግራም ስብ ግን 9። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ አካባቢ ነው። ያ ማንኪያ ኩሽና ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተገለበጠ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣችሁ አታዩትም። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ከዚህ ነው።

"ሥጋ የለበትም፣ ስለዚህ ቀላል ነው" ማለት

ከሁሉም የባሰው ይሄ ይመስለኛል። ህንድ ውስጥ ሥጋ የማይበላ ሰው እጅግ ብዙ ነው። አትክልት ለእነሱ የዳይት ምግብ አይደለም፤ የሠርግና የበዓል ምግብም ነው። ድግስ ላይ ደግሞ ቅቤና ክሬም የሚቆጥብ የለም።

ለምሳሌ ፓኒር ከወተት የሚሠራ አይብ ነው። 100 ግራሙ ወደ 300 ካሎሪ ይጠጋል፤ የሚበዛውም ከስቡ የሚመጣ ነው። ፓላክ ፓኒር መልኩ አረንጓዴ ስለሆነ ሰላጣ የበላን ያህል ይሰማናል። ስፒናቹ ምንም አላጠፋም። የሚያከብደው በውስጡ ያለው አይብና ሲበስል የሚገባው ቅቤና ክሬም ነው። ማላይ ኮፍታ ደግሞ ይብሳል። አይብና ድንች ተድቦልቡሎ ዘይት ውስጥ ይጠበሳል፤ ከዚያ ካሹ በሚባለው ለውዝ መሰል ፍሬና በክሬም ሶስ ውስጥ ይነከራል። ጎቢ ማንቹሪያንም ያው አበባ ጎመን ነው፤ ግን ሊጥ ለብሶ የጋለ ዘይት ውስጥ የገባ።

ዳል በሚባለው የምስርና የጥራጥሬ ወጥ ላይም ልዩነት አለ። ዳል ማካኒ ኡራድ ከሚባለው ጥቁር ጥራጥሬና ከቦሎቄ ይሠራል። ለረጅም ሰዓት በዝግታ ሲበስል ቆይቶ ቅቤና ክሬም ይገባበታል። ዳል ታድካ ግን ቢጫ ምስር ነው። መጨረሻ ላይ ከሙን፣ ነጭ ሽንኩርትና ደረቅ ቃሪያ በንጥር ቅቤ ጠበስ ተደርጎ ከላይ ይፈስበታል። የታድካው ቅቤ ከላይ ተንሳፍፎ ስለሚታይ ሰው ይፈራዋል። የማካኒው ግን ከምስሩ ጋር ተዋህዶ ስለጠፋ ማንም ልብ አይለውም። ከሁለቱ ብዙ ጊዜ የሚሻለው የሚታየው ነው።

ከአትክልቱ በኩል እኔ ዓይኔን የምጥለው ቻና ማሳላ ላይ ነው። ሽምብራ በቲማቲም፣ በሽንኩርትና በቅመም የበሰለ ነው። ፕሮቲኑና ፋይበሩ ስለሚያጠግብ ትንሽ በልቶ መነሣት ይቻላል።

ሶሱን ትቶ በሥጋው መምረጥ

"ዶሮ ነው፣ ምን አለው" ብለን በተር ቺክን እናዛለን። የዚህ ምግብ ታሪክ ዴልሂ፣ ዳርያጋንጅ ከሚገኘው ሞቲ ማሃል ምግብ ቤት ጋር ተያይዞ ይነገራል። የቤቱ መሥራቾች ከ1947ቱ የህንድ ክፍፍል በኋላ አሁን ፓኪስታን ውስጥ ካለችው ፔሻዋር ፈልሰው የመጡ ናቸው። "ምግቡን የፈለሰፈው የኛ አያት ነው" የሚለው የቤተሰቦቻቸው ክርክር እ.ኤ.አ. በ2024 ዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሷል። ማንም ይፍጠረው፣ በሰፊው የሚነገረው ታሪክ ያልተሸጠው ታንዱሪ ዶሮ እንዳይደርቅ በቅቤ፣ በቲማቲምና በክሬም ሶስ ውስጥ ተከተተ የሚል ነው።

ይሄ ታሪክ ለኛ ጉዳይ ይጠቅማል። ቀለል ያለው ምግብ ቅቤው ሳይመጣበት በፊት እዚያው ነበር ማለት ነው። ታንዱሪ ዶሮ ቆዳው ተገፎ በእርጎና በቅመም ከታሸ በኋላ ታንዱር በሚባለው የሸክላ ምድጃ ውስጥ በኃይለኛ ሙቀት ይጠበሳል። ስቡ ወደ ታች ይንጠባጠባል። ጣዕሙ ደግሞ አይጎድልም፤ እንዲያውም የህንድ ምግብ ቤት ጥሩ መሆኑን የምለካው በታንዱሩ ነው። ዓሣ ቲካ፣ ዶሮ ቲካና የታንዱር ሽሪምፕም እዚሁ ውስጥ ናቸው። ማላይ ቲካ ከሚባለው ብቻ ጠንቀቅ በሉ፤ እሱ የሚታሸው በክሬም ነው፣ አንዳንዴም አይብ ይጨመርበታል።

ስታዙ ደግሞ ስሙን አሟልታችሁ ጥሩ። ቲካ ደረቅ ጥብስ ነው። ቲካ ማሳላ ያው ጥብስ በክሬም ሶስ ውስጥ ገብቶ ነው። አንዲት ቃል ብትጨምሩ ሳህኑ ሌላ ሆኖ ይመጣል።

"ሶስ ከሌለው አልበላም" የሚል ሰው ካለ ሜኑው ራሱ ይነግረዋል። ማካኒ ካለ ቅቤ አለ። ማላይ ካለ ክሬም አለ። ሻሂ፣ ኮርማና ፓሳንዳ ብዙውን ጊዜ የክሬምና የለውዝ ዘር ልቁጥ አለባቸው። ጃልፍሬዚ፣ ማድራስና ቪንዳሉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቲማቲም፣ ሽንኩርት ወይም ኮምጣጤ ስለሚበዛባቸው ቀለል ይላሉ። አብሳዩ እንደሚያደርገው ዘይት ይለያያሉ እንጂ።

የሚያቃጥለውን መሸሽ

ብዙ ሰው "ሆዴን እንዳይከብደኝ" ብሎ ለስላሳውን ኮርማ ይመርጣል። ካሎሪን ካየን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ቃሪያ፣ እርድ፣ ከሙንና ድምብላል ካሎሪያቸው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ኮርማን ለስላሳ ያደረገው ክሬሙና ካሹው ነው። እርግጥ ከአቅም በላይ የሚያቃጥል ካዘዛችሁ ለማብረድ ናን የሚባለው ዳቦና ላሲ የሚባለው የእርጎ መጠጥ ይከተላሉ፤ ያኔ ያተረፋችሁት ነገር የለም።

ዳቦውን እንደ ምግብ አለመቁጠር

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ናን ከፉርኖ ዱቄት፣ ብዙ ጊዜም ከእርጎ ጋር ተቦክቶ ይጋገራል፤ ከምድጃው ሲወጣ ቅቤ ይቀባል። የምግብ ቤት ናን አንዱ 300 ካሎሪ ቢደርስ ወይም ቢያልፍ አይገርምም። ፔሻዋሪ ናን ከሆነ ውስጡ ኮኮናት፣ ዘቢብና አልሞንድ አለ። አንድ ሮቲ ግን ካልተነፋ የስንዴ ዱቄት ይሠራል፤ መካከለኛው ቅቤ ካልተቀባ 100 ካሎሪን ብዙ አይዘልም። ፓራታ በየንብርብሩ ቅቤ ወይም ዘይት አለው። ፑሪና ባቱራ ደግሞ ዘይት ውስጥ ነው የሚነፉት። ስለዚህ ቾሌ ባቱሬ፣ ማለትም ሽምብራ ከባቱራ ጋር፣ ስታዙ ሽምብራው የዋለላችሁን ውለታ ባቱራው ያፈርሰዋል።

ናንም ሩዝም ማዘዝ ልማድ ሆኗል። አንዱ ይበቃል። የተቀቀለ ነጭ ባስማቲ 100 ግራሙ 130 ካሎሪ አካባቢ ነው፤ ሲመጣ ግን አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ይመጣል። ለሁለት ተካፈሉት።

ቢርያኒን ከሩዝ ጎን አታስቡት። ሥጋ፣ የተጠበሰ ሽንኩርትና ንጥር ቅቤ አብረውት የተነባበሩ ሙሉ ምግብ ነው። አንድ ሳህን ከ700 ካሎሪ በላይ መሆኑ ብርቅ አይደለም። ቢርያኒ ካማራችሁ እሱን ብሉ፤ ሌላ ሶስና ዳቦ አትጨምሩበት። አጠገቡ የሚሆነው ራይታ ነው፣ ማለትም እርጎ ከኪያር ጋር።

ምግቡ እስኪመጣ መክሰስ

ፓፓድ የሚባለው ስስ ደረቅ ቂጣ ብዙ ቦታ በነጻ ይቀርባል፣ እጅም አያርፍም። በእሳት የተጠበሰው ቀላል ነው፤ በዘይት የተጠበሰው ዘይቱን መጦ ነው የሚመጣው። ሳሞሳና ፓኮራ ሁለቱም ዘይት ውስጥ የገቡ ናቸው። ከማጥቀሻዎቹ አረንጓዴው የናናና የድምብላል ቻትኒ ቀላል ሲሆን የማንጎውና የታማሪንዱ ስኳር አለበት።

ላሲን እንደ ውኃ መጠጣት

ማንጎ ላሲ ጣፋጭ ምግብ በብርጭቆ ነው። እርጎ፣ ማንጎና ስኳር። ቻስ የሚባል ዘመድ አለው፦ እርጎ በውኃ ቀጥኖ ጨውና የተቆላ ከሙን ገብቶበት። ያቃጠለን አፍም ያበርዳል። "ቻስ አላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ሜኑው ላይ ባይኖርም አንዳንዶቹ ይሠሩላችኋል።

የደቡቡን ገጽ መዝለል

የደቡብ ህንድ ምግብ የሚያቀርብ ቤት ከገባችሁ መጀመሪያ ያንን ገጽ ክፈቱ። ኢድሊ ከቦካ ሩዝና ኡራድ ተሠርቶ በእንፋሎት ይበስላል፤ ዘይት የለውም ማለት ይቻላል። ሳምባር ምስርና አትክልት በታማሪንድ ነው። ሁለቱ አብረው በቂ ምሳ ናቸው። ቫዳ ግን እዚያው ሳህን ላይ ቢቀመጥም የተጠበሰ ነው። የደቡቧ ግዛት የኬረላ ሶሶች ደግሞ የኮኮናት ወተት ይበዛባቸዋል።

ሳይጠይቁ ማዘዝ

አስተናጋጁን ማስቸገር የሚመስላቸው አሉ። ግን ምን ሊቀየር እንደሚችል ማወቅ ይጠቅማል። የማካኒና የኮርማ ሶስ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ በትልቁ ተሠርቶ ይቀመጣል። "ክሬም ቀንሱልኝ" ብትሉ ከላይ የሚንጠባጠበውን እንጂ ውስጡ ያለውን ማውጣት አይችሉም። መጨረሻ ላይ የሚሠራው ግን በእጃችሁ ነው። "ሮቲው ቅቤ አይቀባ"፣ "የዳሉ ታድካ በትንሽ ቅቤ ይሁን"፣ "ፓፓዱ በእሳት ይጠበስ" ማለት ይቻላል።

ማታ ህንድ ቤት ልሄድ ነው ብሎ ቀኑን ጾሞ የሚውልም አለ። በተለይ ቡፌ ወይም ሳህኑ ባዶ ሲሆን እየተሞላ የሚቀርብበት ታሊ ከሆነ አይመከርም። የራበው ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ሳሞሳውን ነው። ቀን ላይ ቀለል ያለ ነገር ቅመሱና ሂዱ። ታሊው ሲመጣም ዳሉን፣ እርጎውንና አትክልቱን አስቀድሙ፤ ፑሪው የትም አይሄድም።

ጣፋጭ ላይ ብዙ አልከራከርም። ጉላብ ጃሙን ፈልቶ ከደረቀ ወተት ተድቦልቡሎ ተጠብሶ በስኳር ሽሮፕ ውስጥ የሚያድር ነገር ነው፤ ቀላል የሚባል ዓይነት የለውም። ብዙ ቤት ሁለት ፍሬ ነው የሚያቀርበው። አብሯችሁ ያለው ሰው አንዱን ይብላ።