የቆዩ የእጅጌ ቁልፎችን ሳያበላሹ ማቆየት

ከአባት ወይም ከአያት መሳቢያ የሚገኝ የእጅጌ ቁልፍ፣ ዛሬ ብዙዎች ከፍሊንክ የሚሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ተረስቶ በመቀመጡ ሳይሆን ከተገኘበት ቀን ጀምሮ በሚደረግለት ጽዳት ነው። ሃምሳና ስልሳ ዓመት በጨለማ ሣጥን ውስጥ ሳይነካ የቆየ ጥንድ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በአመድ፣ በሎሚና በጥርስ ሳሙና ተፈትጎ መልኩን ያጣል። ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው። መጀመሪያ የገዛኋቸው ቁልፎች በጥቁር መደብ ላይ የብር ዳንሰኛ የተቀረጸባቸው የታይላንድ ሥራ ነበሩ፤ እኔም ጥቁሩ መደብ ዝገት መስሎኝ እስኪነጣ ድረስ ፈተግሁት። ነገሩ ግን ዝገት ሳይሆን ኒየሎ የሚባል፣ ብር፣ መዳብና እርሳስ ከድኝ ጋር ቀልጠው በተቀረጸው ጎድጓዳ ውስጥ የሚሞሉት ጌጥ ነበር። አንድ ጊዜ ከተነሣ ደግሞ በቤት ውስጥ የሚመለስበት መንገድ የለም።

ስለዚህ ጨርቅ ከማንሣት በፊት ቁልፉን ገልብጦ በአጉሊ መነጽር ማየት ያስፈልጋል። በጀርባው፣ በዘንጉ ወይም በማጠፊያው ጎን ላይ የተመታ ጥቃቅን ምልክት ካለ ስለ ማዕድኑ ብዙ ይናገራል። የሚራመድ አንበሳ ያለበት የእንግሊዝ ሥራ ከሺህ 925 እጁ ንጹሕ ብር ነው፤ ከአንበሳው አጠገብ መልሕቅ ካለ ደግሞ የተመረመረው በበርሚንግሃም ነው። 375፣ 585 እና 750 የሚሉት ቁጥሮች 9፣ 14 እና 18 ካራት ወርቅን ያመለክታሉ። መዶሻና ማጭድ የያዘ ኮከብ ከ875 ጋር ከታየ የሶቪየት ብር ነው፤ ከ583 ጋር ከታየ ደግሞ የሶቪየት ወርቅ ነው። በዚያ አገር የተማሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ስለሆኑ እንዲህ ያለው ጥንድ በእኛ ቤቶች ውስጥ ቢገኝ አያስገርምም። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በአሜሪካ በብዛት የተሠሩት፣ ለምሳሌ የአትልቦሮው ስዋንክና የፕሮቪደንሱ አንሰን ሥራዎች፣ በአመዛኙ በርካሽ ማዕድን ላይ ስስ የወርቅ ቅብ የተደረገባቸው ናቸው። 1/20 የሚል ክፍልፋይ ከካራት ቁጥር ጋር ካለበት ግን ወርቁ ከቅብ የወፈረ ሆኖ ከጠቅላላው ክብደት አንድ ሃያኛውን ይይዛል ማለት ነው። ምልክት አለመኖሩ ብቻውን ቁልፉ ብር አይደለም አያሰኝም። አገር ቤት አንጥረኛ ጠገራ ብር አቅልጦ የሠራው ጌጥ ብዙ ጊዜ ማህተም የለውም፤ የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ራሱ ከሺህ 833 እጁ ብር ስለሆነ ከእርሱ የወጣው ሥራም ወደዚያው የተጠጋ ነው።

ብር የሚጠቁረው በእርጥበት ብቻ አይደለም። አየር ውስጥ ያለ ጥቂት ድኝ ከብሩ ገጽ ጋር ተዋሕዶ ጥቁር ሽፋን ያበጃል፤ እርጥበቱና ጨዉ ይህን ያፋጥኑታል እንጂ መነሻው ድኙ ነው። ድኝ ከሚያወጡት ነገሮች መካከል ሱፍ፣ የጎማ ላስቲክ፣ የጋዜጣ ወረቀትና ተራ ካርቶን ይገኛሉ፤ እነዚህ ደግሞ ሰዎች ውድ ዕቃ ለመጠቅለል መጀመሪያ እጃቸውን የሚሰዱባቸው ናቸው። ጥንዱ እንዳይለያይ ብሎ በላስቲክ ማሰር በተለይ ክፉ ልማድ ነው፤ ላስቲኩ የነካበት መስመር ጥቁር ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ፒቪሲ ከሚባለው ለስላሳና የሚያጣብቅ ፕላስቲክ የተሠራ ከረጢትም እያደር አሲድ ወይም ዘይት ስለሚያወጣ ለዘለቄታው አይሆንም።

ለእያንዳንዱ ቁልፍ አሲድ የሌለው ስስ ወረቀት ወይም ሳሙናው በደንብ የወጣለት ያልተቀለመ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ማዘጋጀት ይገባል። የተጠቀለለውን በአፉ በሚዘጋ የፖሊኢትሊን (ፒቪሲ ያልሆነ ንጹሕ ፕላስቲክ) ከረጢት አስገብቶ፣ አየሩን በእጅ አስወጥቶ መዝጋት ብርን ለዓመታት ብሩህ አድርጎ ያቆያል። ጥንዶቹ ሁለቱም በአንድ ከረጢት ይግቡ፣ ግን እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይጠቅለሉ፤ ብረት ከብረት ጋር ሲፋጭ ኢናሜል፣ ማለትም በብረት ላይ የቀለጠው ባለቀለም የመስታወት ሽፋን፣ ይሰነጠቃል፣ ቅቡም ይላላጣል። ከነሣጥናቸው የተገኙ ከሆነ ሣጥኑን መጣል አይገባም፣ ለሚሰበስብ ሰው ዋጋ ይጨምራልና፤ ነገር ግን የሣጥኑ ሽፋን ሱፍ ከሆነ ወይም የሙጫ ሽታ ካለው ቁልፎቹን ለብቻ አስቀምጦ ሣጥኑን በጎን ማኖር ይሻላል። ሰደፍ፣ ማለትም የሚያብረቀርቅ የባሕር ዛጎል ውስጠኛ ሽፋን፣ ያለባቸውን ደግሞ አዲስ የእንጨት መሳቢያ ውስጥ በክፍት አለማስቀመጥ ነው፤ እንጨት የሚያወጣው የኮምጣጤ አሲድ ኖራማ የሆነውን ሰደፍ ቀስ በቀስ ይበላዋል።

የክፍሉ እርጥበት ከመቶ 40 እስከ 50 ቢሆን መልካም ነው። በአዲስ አበባ ክረምት ይህን መጠበቅ አስቸጋሪ በመሆኑ፣ በጅዳ ወይም በዱባይ የባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አስቸጋሪ በመሆኑ፣ በሣጥኑ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ማኖር ይጠቅማል። ከአዲስ ጫማ ካርቶን የወጣው ከረጢት ግን አየር ላይ ከሰነበተ እርጥበት የጠገበ ስለሆነ ለይስሙላ ብቻ ነው፤ ሲጠግብ ቀለሙን የሚቀይረውን ዓይነት ገዝቶ በየጊዜው ማድረቅ ይበጃል። ለልብስ የሚደረገው ናፍታሊን ከእነዚህ ቁልፎች ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ተኑ አንዳንድ የፕላስቲክ ጌጦችን ያለሰልሳል።

አንድ ዓይነት ቁልፍ ብቻ ከሌሎቹ ተነጥሎ መቀመጥ አለበት፤ እርሱም ከሴሉሎይድ የተሠራው ነው። በ1920ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ኢናሜል ለመምሰል በብዛት የገባው ይህ የመጀመሪያ ፕላስቲክ ሲያረጅ አሲድ ያለበት ጋዝ ያወጣል፤ ያም ጋዝ በአንድ ሣጥን ያሉትን ብረቶች ሁሉ ያዝጋል። ገጹ ቢጫ ከሆነ፣ ካወዛ ወይም ጠንከር ያለ የካምፎር ሽታ ካለው ከሌሎቹ አርቆ፣ ሳይታሸግ፣ ከእሳት ርቆ አየር በሚያገኝበት ቦታ ማኖር ነው፤ ሴሉሎይድ በቀላሉ ይቀጣጠላል።

ወደ ጽዳቱ ስንመጣ፣ ለአብዛኛዎቹ ቁልፎች የሚበቃው ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ነው። ንጹሕ ብር ከጠቆረ ለብር ማጽጃ የተዘጋጀ ጨርቅ በአንድ አቅጣጫ፣ ሳይጫኑ፣ ጎላ ያለውን ገጽ ብቻ ማስኬድ ያስፈልጋል፤ በቅርጹ ጎድጓዳ ውስጥ የቀረው ጥቁረት ቅርጹን የሚያሳየው ስለሆነ እዚያው ይተው። ቅብ የሆነውን በማጽጃ ጨርቅ በፈተግን ቁጥር ከሽፋኑ ጥቂት ስለሚነሣ እርሱን በደረቅ ጥጥ ጨርቅ ማበስ ብቻ በቂ ነው። ዘወትር የሚመከረው የፎይል፣ የቤኪንግ ሶዳና የፈላ ውኃ ዘዴ በእርግጥ ይሠራል፤ አሉሚኒየሙ ድኙን ከብሩ ይወስዳልና። ሆኖም የሚስማማው ድንጋይ፣ ኢናሜል፣ ሙጫና ውስጠ ባዶ ክፍል ለሌለው ወጥ ብር ብቻ ነው፤ ገጹንም ደብዛዛ ያደርገዋል፣ ለጌጥ የተተወውን ጥቁረትም አብሮ ያነሣል። ብርን ነክረው የሚያጸዱ ፈሳሾች ኒየሎን ይበሉታል፤ የኒየሎ ጥቁር ራሱ ፈሳሹ ሊያሟሟው ከተዘጋጀበት ነገር የተሠራ ነውና። በረኪና ደግሞ ወደ ብርም ወደ ወርቅም አይቅረብ።

ሰደፍ፣ ሉል፣ አምበርና ኦፓል ያለባቸውን ውኃ ውስጥ መንከር አይገባም። የወሎ ኦፓል በተለይ ውኃ ስለሚጠጣ መልኩ ይለወጣል፤ አምበር ደግሞ አልኮልና ሙቀት ያደበዝዙታል፤ ሁሉንም እርጥበቱ በተጨመቀ ጨርቅ አብሶ ወዲያው ማድረቅ ይሻላል። ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት በድምፅ ሞገድ የሚያናውጥ ማጽጃም ለኢናሜልና በሙጫ ለተያዘ ድንጋይ አደገኛ ስለሆነ፣ ለአጣቢው ከመስጠት በፊት እንዳይገባበት አስረድቶ መናገር ነው። ይህን ሁሉ ሥራ በጠረጴዛ ላይ በተነጠፈ ፎጣ ላይ መሥራት ያስፈልጋል፤ እጅ መታጠቢያ ላይ የሚያጸዳ ሰው አንድ ቀን ከፍሳሽ ቱቦው ጋር መታገሉ አይቀርም።

የሚንቀሳቀሰው ክፍል ከፊቱ ይልቅ ቶሎ ያረጃል። በሰንሰለት የተያያዙት ጥንዶች ቀለበቶቻቸው እርስ በርስ እየተፋጩ ስለሚሳሱ በዓመት አንድ ጊዜ በአጉሊ መነጽር ይታዩ፤ ከውፍረቱ ግማሹን ያጣ ቀለበት ከመበጠሱ በፊት ለአንጥረኛ ይሰጥ። የሚዞር ጀርባ ያላቸውን ቁልፎች ሞላ በዘይት መንከር ልብስ ያቆሽሻል፣ አቧራም ይሰበስባል፤ በመርፌ ጫፍ የተወሰደ አንዲት ጠብታ የሰዓት ዘይት ትበቃለች። ቁልፉ የላላ ከሆነ በፒንሳ ማጥበቅ አይገባም። ኢናሜል ወይም ድንጋይ ያለበትን ለጥገና ስንሰጥ ብየዳ የሚጠይቅ ሥራ መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው፤ የብየዳው ሙቀት የማይመለስ ጉዳት ያደርሳል።

ሲለበስ ሽቶ አስቀድሞ ይረጭ፤ ቁልፉ የመጨረሻው ይሁን። በሰንሰለት የተያያዘውን ሸሚዙ ሳይለበስ በእጅጌው ላይ አስገብቶ መልበስ በአንድ እጅ ከመታገል ያድናል፣ ሰንሰለቱም አይጎተትም። ማታ ሲወልቅ ላቡ በጨርቅ ተጠርጎ ወደ ቦታው ይመለስ፤ ሸሚዙ ወደ ላውንደሪ ከመሄዱ በፊትም ሁለቱ እጅጌዎች በእጅ ይዳሰሱ፣ ከእነዚህ ቁልፎች ብዙዎቹ የሚጠፉት እዚያ ነውና።

አንዱ ቢጠፋ የቀረውን አይጣሉት። ጎበዝ አንጥረኛ የቀረውን ናሙና አድርጎ ጓደኛውን ሊሠራ ይችላል፤ ለዚህም እንዲረዳ ጥንዱ ገና ሙሉ ሳለ ፊቱንና ጀርባውን ከማስመሪያ ጋር ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ክብደቱን በግራም፣ ምልክቱንና ከማን እንደመጣ በትንሽ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፎ ከከረጢቱ ውጭ፣ በሣጥኑ ክዳን ውስጥ ማኖር ይበጃል።