ከብስክሌት ስወርድ እግሬ አልታዘዝ ሲለኝ
የመጀመሪያዬ አጭር ትራያትሎን ነው፦ 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ። የፈራሁት ዋናውን ነበር። ጉዱ ግን ሌላ ቦታ ነው። በልምምድ ከብስክሌት ወርጄ ልሮጥ ስል እግሬ የኔ አልመስል አለኝ። ጭኔ ድንጋይ፣ ጉልበቴ ውሃ።

ለካ ሦስቱንም ለየብቻ እየተለማመድኩ ነው። ከዚያ በሳምንት አንዴ፣ ከብስክሌት እንደወረድኩ ጫማ ቀይሬ 10 ደቂቃ መሮጥ ጀመርኩ። ብስክሌቱ ላይ የመጨረሻዋን ኪሎ ሜትር ማርሹን አቅልዬ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ አሽከረክራለሁ። ሩጫውን ደግሞ በአጭር በአጭር እርምጃ እጀምራለሁ።

በውድድሩ ቀን እግሬ ትንሽ አጉረመረመና ዝም አለ። ሄልሜቴን ሳላወልቅ እየሮጥኩ እንደሆነ ግን የነገረኝ ተመልካች ነው።