ከጠመኔ ወደ ምርምር፦ የሳይንስ መምህራን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ፊዚክስ ለዓመታት ካስተማርኩ በኋላ ወደ ትምህርት ምርምር ስገባ የሚከብደኝ ስታቲስቲክሱ ይመስለኝ ነበር። የከበደኝ ግን መምህርነት ያስለመደኝን እርግጠኝነት መተው ነው። ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ልምድን እንደ ማስረጃ መቁጠር

«አሥር ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ተማሪ የቱ ጋ እንደሚቸገር አውቃለሁ» የሚል መምህር መልስ እንጂ ጥያቄ የለውም። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የሚያስተምረው ኤሪክ ማዙር በተማሪዎቹ የተመሰገነ መምህር ነበር። ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ ቀመር የማይጠይቅ ቀላል ፈተና ሲሰጥ ግን፣ ከተማሪዎቹ መካከል «እርስዎ ባስተማሩን መሠረት ልመልስ ወይስ እኔ እንደማስበው?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ውጤቱም አስደነገጠው። አሜሪካዊው የፊዚክስ መምህር ሪቻርድ ሄክ በ1998 እ.ኤ.አ. ከስድስት ሺህ በላይ ተማሪዎችን ያካተተ ጥናት ሲያወጣ፣ ተማሪው እየተወያየ የሚማርባቸው ክፍሎች በእንዲህ ዓይነት ፈተና ያሳዩት መሻሻል ገለጻ ብቻ ከሚሰጥባቸው በእጥፍ ገደማ በልጦ ተገኘ። በገለጻ ያስተማሩት መምህራን ሰነፎች ስለነበሩ አይደለም።

ርዕስን ማስፋት

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ያለ ቁጥር የሰማ ሰው «በኢትዮጵያ የሳይንስ ትምህርት ጥራት ችግሮች» ብሎ ርዕስ ቢያስገባ አይፈረድበትም፤ አማካሪው ግን ይመልስበታል። ይልቅ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችን «ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ እየወጣ ሳለ ምን ኃይል አለበት?» ብለው ይጠይቁ። «የወረወረው እጅ ኃይል አብሮት አለ» ብለው የሚሳሳቱት ብዛት ያስገርምዎታል። እነዚያ ልጆች ለምን እንዲህ እንዳሉ ማጥናት ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ከበቂ በላይ ነው።

ክፍልን ላብራቶሪ ማድረግ

ይህ የእኔ ነው። 9ኛ «ሀ»ን በቡድን ውይይት፣ 9ኛ «ለ»ን በገለጻ አስተማርኩና ፈተንኳቸው። «ሀ» በልጦ ወጣ፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አንድ ባልደረባዬ የትምህርት ፕሮግራሙን አየት አደረገና ዝም አለ። «ሀ»ን የማስተምረው ጠዋት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ነበር፤ «ለ»ን ደግሞ ልጆቹ ደብተራቸውን አጥፈው ደወል በሚጠብቁበት በመጨረሻው። ፈተናውን ያወጣሁትም ያረምኩትም እኔው ነኝ። የትኛው ክፍል እንዲያሸንፍልኝ እንደምፈልግ እያወቅሁ!

መጠይቅን ከነቃሉ መገልበጥ

ማዙር የሰጠውን ዓይነት ከውጭ የመጣ ፈተና በእንግሊዝኛው ከሰጡት የሚለኩት ፊዚክስ ይሁን እንግሊዝኛ አይለይም። መተርጎሙም ወጥመድ አለው። በአማርኛ «ኃይል» ብለን አየር ኃይልም፣ የኤሌክትሪክ ኃይልም እንላለን፤ ጉልበትም አቅምም ማለታችን ነው። ልጁ «ኳሱ ኃይል አለው» ሲል የትኛውን ማለቱ ነው? አምስት ስድስት ተማሪዎችን ቁጭ አድርጎ ጥያቄውን በራሳቸው አባባል እንዲነግሩን ማድረግ አንድ ከሰዓት ይወስዳል። እኛ የሳይንስ ሰዎች ግን ቃለ መጠይቅን እንንቃለን፤ ቁጥር ካላየን ምርምር አይመስለንም።

የራስን ተማሪ «እሺ» ማመን

ማርክ የሚሰጠው መምህር «በጥናቴ ትሳተፋለህ?» ሲል እምቢ የሚል ልጅ አላየሁም። ስለዚህ ፈቃዱን የማያስተምራቸው ሌላ ሰው ይጠይቅ፤ ወላጅም ይፈርም፤ መምህሩ ማን እንደተስማማ የሚያየው ውጤት ካስረከበ በኋላ ይሁን። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ፈቀደ ማለት ልጁ ፈቀደ ማለት አይደለም።

ስለ ጆርናል ብዙ አልልም፦ ጽሑፍዎን ማንም ሳይገመግመው በሳምንት ውስጥ ተቀብሎ ክፍያ የሚጠይቅዎትን ይሽሹ።

ተግባራዊ ምርምሩን ለደረጃ ዕድገት ብቻ መጻፍ

አብዛኞቻችን በየዓመቱ ተግባራዊ ምርምር፣ ማለትም በራሳችን ክፍል ችግር ላይ የሚሠራ አነስተኛ ጥናት፣ እንጽፋለን። መግቢያው ካለፈው ዓመት ይገለበጣል፣ ይፈረማል፣ ይታሸጋል፣ ማኅደር ውስጥ ይገባል። ለማስተርስ ርዕስ ስፈልግ ወር ሙሉ በቤተ መጻሕፍት ተንከራተትኩ። በመጨረሻ ያገኘሁት ከአራት ዓመት በፊት ለደረጃ ብዬ ባስገባሁት ሪፖርት ሦስተኛ ገጽ ላይ ነው፤ «ተማሪዎቹ ኳሱን በተመለከተ የሰጡት መልስ ግራ የሚያጋባ ነበር» ብዬ ጽፌ አልፌው ነበር።