ትዝታ ልጫወት ስል ባቲ የሚወጣብኝ ለምንድን ነው?

አራት ኪሎ የምኖርባት ክፍል ግድግዳዋ ስስ ነው። ጊታር ስለማመድ ጎረቤቴ እማማ ሁሉን ይሰማሉ። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በጨለማ እየጎረጎርኩ ሳለ ከወዲያ «ልጄ፣ ትዝታ ነው ያልከኝ? ይሄማ ባቲ ነው» አሉኝ። ኖቶቹ ልክ ነበሩ እኮ! ግን እሳቸውም ልክ ነበሩ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ትዝታና ባቲ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅኝቶች ናቸው። ትዝታ ሜጀር ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። እነዚሁኑ አምስት ኖቶች ላ ላይ ካሳረፍካቸው ባቲ ማይነር ይሆኑልሃል፤ ፈረንጆቹ ማይነር ፔንታቶኒክ (ባለ አምስት ኖት) የሚሉት ማለት ነው። ብዙዎቻችን ከዩቲዩብ መጀመሪያ የምንለምደው ደግሞ እሱን ስለሆነ፣ ጣታችን ሳናዘው ወደ ላ ይመለሳል።

መፍትሄው፦ 5ኛውን ክር (ከወፍራሙ ሁለተኛውን) ክፍቱን ምታ፣ ላ ነው። እሱ እየጮኸ አምስቱን ኖቶች ተጫወት፣ ባቲ ትሰማለህ። ከዚያ እዚያው ክር ላይ 3ኛውን ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ በብረቶቹ የተከፈለውን ቦታ) ያዝ፣ ዶ ነው፤ ያንኑ ደግመህ በቀጭኖቹ ክሮች ላይ ተጫወትና ዜማህን ሁሌ ዶ ላይ ጨርስ። ትዝታ መጣ። ኖት ሳይሆን ማረፊያ ነው የቀየርከው።

ሌላው ችግር፦ ስኬሉን (የኖቶቹን ተራ) ከላይ እስከ ታች ትሮጥበታለህ፣ «ከመሃል ጀምር» ሲሉህ ግን ድርቅ ትላለህ። ጣትህ ቅርጹን እንጂ ኖቱን አያውቅም። ቀስ ብለህ የእያንዳንዱን ስም በአፍህ እየዘፈንክ ተጫወት። ያሳፍራል፣ ግን ይሰራል።

ስሞቹን ካላወቅክስ? ስድስቱንም ክር በአንዴ መሸምደድ አያዋጣም፣ እኔ ሞክሬ ሁለት ሳምንት አባክኛለሁ። ከወፍራሙ (6ኛው) ወደ ቀጭኑ (1ኛው) ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ናቸው። በ6ኛው ጀምር፦ ፋ 1ኛው ፍሬት ላይ፣ ሶል 3፣ ላ 5፣ ሲ 7፣ ዶ 8፣ ሬ 10፣ ሚ 12። ሚና ፋ፣ ሲና ዶ ጎን ለጎን ናቸው፤ በሌሎቹ መካከል አንድ ፍሬት ይዘለላል። ከዚያ ከ6ኛው ክር ወደ 4ኛው ተሻግረህ ሁለት ፍሬት ወደ ጊታሩ ሳጥን (ወደ ሆዱ) ብትሄድ ያው ኖት አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ፣ ማለትም በቀጠነ ድምፅ ይጠብቅሃል። ከ12ኛው ፍሬት በኋላ ሁሉም እንደገና ይጀምራል።

ቅርጹ ከሶል ክር ወደ ሲ ክር ስትሻገር ከተበላሸብህ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ሌሎቹ ጎረቤት ክሮች በ5 ግማሽ ድምፅ (አንዱ ግማሽ ድምፅ አንድ ፍሬት ነው) ሲራራቁ እነዚህ ሁለቱ ብቻ በ4 ነው የሚራራቁት፤ ስለዚህ እዚያ ስትደርስ አንድ ፍሬት ወደ ሳጥኑ ግፋ።

ይህን ሁሉ አድርገህም ጆሮህን ከጎረበጠህ ጊታሩን ራሱን ጠርጥር። ክፍቱ ክር በቱነር (በድምፅ መቃኛው) ልክ ሆኖ 12ኛው ፍሬት ልክ ካልመጣ መጀመሪያ ክር ቀይር፣ ካልሆነ ወደ ጠጋኝ ውሰደው።

አንቺሆዬ የሚባለውን ሌላ ቅኝት ግን እማማ ገበያ ሲሄዱ ነው የምለማመደው።