ለቤት የሚሆን ፓወር ስቴሽን ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መብራት በሄደ ቁጥር ሻማ ፍለጋ የሰለቸው ብዙ ነው። ጄኔሬተሩም በጩኸቱ፣ በጭሱና በነዳጁ ያስመርራል። ፓወር ስቴሽን፣ ማለትም ሶኬት ያለው ትልቅ ባትሪ፣ ጥሩ መፍትሔ ነው። ዋጋው ግን ቀላል ስላልሆነ ተሳስተው ከገዙት ያንገበግባል።

ዋትንና ዋት-ሰዓትን ማምታታት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ዋት ዕቃው በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ኃይል ነው። ዋት-ሰዓት ደግሞ ውስጡ ያጠራቀመው መጠን። ሻጩ «ይሄ ባለ 1000 ነው» ካለዎት፣ የቱ 1000 እንደሆነ ይጠይቁት። ባለ 1000 ዋት-ሰዓቱም ቢሆን ሙሉውን አይሰጥም። ኃይሉ ወደ ሶኬት ሲቀየር የሚባክን ስላለ 850 ያህል ብለው ያስቡ። ዋይፋይ፣ ሁለት አምፖልና ላፕቶፕ በድምሩ 85 ዋት ቢበሉ፣ 10 ሰዓት ያቆይዎታል።

የእንጀራ ምጣድ ግን 3000 ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል። መካከለኛ ፓወር ስቴሽን ምጣዱ እንደተሰካበት ራሱን ያጠፋል። ትልቁ ቢችለው እንኳ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። እንጀራውን መብራት ሲኖር ጋግሮ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ለምጣድ ብሎ ይህን ዕቃ መግዛት አያዋጣም ባይ ነኝ።

የፍሪጅን መነሻ መርሳት

ፍሪጅ ሲሠራ ከ100 እስከ 150 ዋት ሊበቃው ይችላል። ሞተሩ ሲነሳ ግን ለአፍታ የዚህን ብዙ እጥፍ ይጠይቃል። ስለዚህ ፓወር ስቴሽኑ ለአጭር ጊዜ የሚችለውን ከፍተኛ ዋትም ይመልከቱ።

ከአሜሪካ ይምጣልኝ ማለት

ዘመድ በደግነት «ልላክላችሁ» ይላል። እዚያ የሚሸጠው በአብዛኛው 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው የሚያወጣው። አገር ቤት ያለው ፍሪጅ የሚፈልገው ደግሞ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ይቀበላል፤ ፍሪጁ ግን እምቢ ይላል። በዚያ ላይ ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ እንዲህ ያለ ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን፣ በሻንጣም በእጅም፣ አይፈቀድም። ዘመድዎ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ይንገሩት።

የባትሪውን ዓይነት አለመጠየቅ

ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሆነውን ይምረጡ። ክብደት አለው፤ ግን ኃይሉ በደንብ ሳይቀንስ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ቻርጅ ይደረጋል። ሳይጠቀሙበት ሲያስቀምጡት ባዶውን አይተዉት፤ ግማሽ ያህል ሞልተው በየሦስት ወሩ ያዩት።

ከግድግዳ ሶኬት ጋር ማገናኘት

ቤቱ በሙሉ እንዲበራ ብለው፣ ሁለቱም ጫፉ ወንድ የሆነ ገመድ አሠርተው ግድግዳው ላይ የሚሰኩ አሉ። እባክዎ ይህን አያድርጉ። ነፃ የሆነው የገመዱ ጫፍ የነካውን ሰው ይይዛል። ኃይሉ ወደ ውጭ መስመር ከተመለሰ፣ ምሰሶ ላይ ወጥቶ የሚጠግነውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። መብራት ድንገት ሲመጣም ዕቃው ይቃጠላል። ዕቃዎን በቀጥታ ፓወር ስቴሽኑ ላይ ይሰኩ። የቤቱን መስመር ማገናኘት ግድ ከሆነብዎት ግን ባለሙያ ጠርተው ቼንጅ ኦቨር ስዊች፣ ማለትም ቤቱን ከውጭ መስመር ለይቶ ወደ ፓወር ስቴሽኑ የሚያዞር ማብሪያ፣ ያስገጥሙ።