ልጁ ካልሠራ ሰዓቱ አይቆጠርም፦ በሴሬብራል ፓልሲ የተጠናከረ ቴራፒ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሴሬብራል ፓልሲ በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሲጎዳ የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። የተጠናከረ ቴራፒ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚሰጠውን ሕክምና ሰብሰብ አድርጎ፣ በቀን ለሰዓታት፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት መስጠት ነው። ወላጅ ሥራውን ትቶ፣ ያለውን ከፍሎ ነው ልጁን ይዞ የሚመጣው። እዚህ የሚባክን እያንዳንዱ ሰዓት ያንገበግባል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ልጁን አስተኝቶ እግሩን ሲስቡ መዋል ነው። ልጁ ፍራሽ ላይ ይንጋለላል፤ ባለሙያው እግሩን ያጥፋል፣ ይዘረጋል፣ ይስባል፤ ልጁ ያለቅሳል፤ እናት ዞር ብላ እንባዋን ትጠርጋለች፤ ሰዓቱ ያልቃል። ያን ሁሉ ሰዓት የሠራው ማን ነው? ባለሙያው! አንጎል የሚማረው ልጁ ራሱ ፈልጎ፣ ሞክሮ፣ ተሳስቶ፣ ደግሞ ሲሞክር ነው። ሌላ ሰው ያንቀሳቀሰለት እግር መራመድ አይማርም። ለጥቂት ደቂቃ በእጅ መሳብ ብቻውን ጡንቻ እንዳያጥር አያደርግም፤ ጡንቻው ለረጅም ሰዓት ተዘርግቶ እንዲቆይ ከተፈለገ ስፕሊንት (እጅን ወይም እግርን በቦታው የሚይዝ ድጋፍ)፣ በየሳምንቱ የሚቀየር ጀሶ ወይም የመቆሚያ መሣሪያ አለለት።

ደግሞም አደጋ አለው። ቆሞ የማያውቅ ልጅ አጥንቱ ስስ ነው፤ በተለይ የጭኑ አጥንት ከጉልበት ከፍ ብሎ በትንሽ ኃይል ሊሰበር ይችላል። መናገር የማይችል ልጅ «አመመኝ» የሚለው በለቅሶው ነው። «ልማዱ ነው፣ ያልቅስ» የሚል ባለሙያ የልጁን ብቸኛ ቋንቋ እየዘጋበት ነው። ለቅሶ ሲጀምር እጃችሁን አንሱ፤ ዳሌው፣ ጉልበቱ፣ የሆድ ድርቀቱ ይታይ።

በምትኩ ምን ይሠራ? ከመቀመጫ መነሳትን እንውሰድ። ልጁ ድጋፍ የሌለው በርጩማ ላይ ይቀመጥ፤ ከፍታው መጀመሪያ ላይ ከጉልበቱ ትንሽ በለጥ ይበል። እግሩ ሙሉ ለሙሉ መሬት ይርገጥ፣ ተረከዙ ከጉልበቱ ወደ ኋላ ገባ ይበል። የሚወደውን መጫወቻ በደረቱ ከፍታ፣ እጁን ዘርግቶ ከሚደርስበት ትንሽ አለፍ አድርጋችሁ ያዙለት። እሱን ልያዝ ሲል ወደ ፊት ያዘነብላል፣ መቀመጫው ይነሳል። እጁን ይዛችሁ ወደ ላይ አትጎትቱት፤ ከተጎተተ ክብደቱ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ጭኑም ሥራ ይፈታል። እርዳታ ካስፈለገው ጉልበቱ ላይ እጅ አሳርፎ ወደ መሬት ለስለስ አድርጎ መጫን ይበቃል። ሲቀመጥም ዱብ አይበል፤ ቀስ ብሎ መውረዱ ከመነሳቱ እኩል ጡንቻ ያሠራል። 5 ጊዜ፣ ትንሽ እረፍት፣ እንዲህ ሦስት ዙር። ሲቀለው በርጩማውን ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ዝቅ አድርጉት።

ሁለተኛው ስህተት «እንዲሻሻል» የሚል ግብ ነው። ምኑ? ልጁና ቤተሰቡ የመረጡት ነገር ይጻፍ፦ ዚፑን ራሱ መዝጋት፣ ከአልጋ ወደ ዊልቼር መዛወር፣ ሳይደገፍ ተቀምጦ መብላት። ለአንድ ዙር ሁለት ወይም ሦስት ግብ ይበቃል። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ቀን ያንኑ ተግባር በቪዲዮ ቅረጹ። የእንቅስቃሴ ደረጃውንም አስቀድማችሁ እወቁ። ጂ.ኤም.ኤፍ.ሲ.ኤስ. ልጁ ራሱ ምን ያህል መንቀሳቀስ እንደሚችል የሚያሳይ መለኪያ ነው፤ አንደኛው ቀላሉ፣ አምስተኛው ከባዱ ነው። ከአምስቱ ደረጃዎች አምስተኛው ላይ ላለ ልጅ «በሦስት ሳምንት እናስኬደዋለን» ማለት ቤተሰብን ማታለል ነው። ለእሱ ምቹ አቀማመጥ፣ ሕመም መቀነስ፣ በዓይን ወይም በሥዕል ሰሌዳ መግባባት ሕይወቱን የሚለውጡ ግቦች ናቸው።

አንድ ጎኑ ብቻ የተጎዳ ልጅ ላይ ደህናውን እጅ በጓንት ወይም በቀላል ጀሶ ሸፍኖ ደካማውን ማሠራት የተፈተነ ዘዴ ነው። ስህተቱ እዚያ ላይ ማቆሙ ነው። ጠርሙስ መክፈት፣ ወረቀት መቁረጥ፣ ካልሲ ማድረግ ሁለት እጅ ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ የሁለት እጅ ልምምድ መከተል አለበት። የእጅ አጠቃቀሙ በአጠቃላይ እንዲለወጥ ከ30 እስከ 40 ሰዓት ልምምድ ያስፈልጋል፤ ለአንድ ለተወሰነ ተግባር ከ14 እስከ 25 ሰዓት ሊበቃ ይችላል። የቤት ልምምድም ይደመራል። 6 ሰዓት ሠርቶ «ዘዴው አልሠራም» ማለት አይቻልም።

ያለ ዳሌ ራጅ መጀመርስ? ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ደረጃ ያለ ልጅ ዳሌው መጀመሪያ ላይ ያለ ምንም ሕመም ቀስ በቀስ ከቦታው ሊወጣ ይችላል። የጭኑ አጥንት ራስ ከ30 በመቶ በላይ ከጎድጓዳው ውጭ ከሆነ መጀመሪያ የአጥንት ሐኪም ይየው። ዳይፐር ሲቀየር መጮህ፣ አንዱ ጭን እንደ ሌላው አለመከፈት፣ አንዱ እግር ማጠር ምልክቶች ናቸው።

ስፕሊንቱ ሲወልቅ የቆዳው መቅላት በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ ይስተካከል እንጂ «ይለምደዋል» አይባልም። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ለቴራፒ ሲባል መድኃኒቱም እንቅልፉም አይጓደል። የተወጠረ ጡንቻን ለጊዜው የሚያላላው የቦቱሊነም መርፌ ከተሰጠ ልምምዱ ከመርፌው ጋር አብሮ ይታቀድ፤ ጡንቻው ይበልጥ የሚላላው ከመርፌው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ሲሆን፣ በሦስት አራት ወር ውስጥ ይመለሳል። ለቴራፒ የሚለበሰውን ባለ ላስቲክ ገመድ ልብስ እንደ ተአምር አትሽጡ፤ ለውጥ ቢመጣ እንኳ ከልብሱ ይልቅ አብሮት ከተሠራው ልምምድ ነው። ከፍ ባለ የአየር ግፊት ኦክስጅን የሚተነፈስበት የግፊት ኦክስጅን ክፍል ደግሞ ተፈትኖ ጥቅም አልተገኘበትም፤ ጆሮ ግን ሊጎዳ ይችላል።

አዲስ የተመረቃችሁ ባለሙያዎች፣ እናትን ከክፍሉ አታስወጡ። ልጁ ሲያያት ያለቅሳል ብላችሁ ነው፤ ገባኝ። ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ በርጩማውን የምታስተካክለው እሷ ናት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እጇ ልጁ ጉልበት ላይ ይሁን፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት እሷ ታሠራው፣ እናንተ ተመልከቱ። ስትሰናበቱ የሃያ ልምምድ ዝርዝር አትስጧት። ልብስ ሲቀየር፣ ሲበላ፣ ሲታጠብ የሚሠሩ ሁለት ነገሮች ይበቃሉ። ሌላ ዙር ከመቀጠሩ በፊት ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ ቪዲዮ ደግማችሁ ቅረጹና ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩት።