የበሰበሰ ቪጋ፦ እንጨቱን ከመቀየራችሁ በፊት ውሃውን ፈልጉት

በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ ሳንታፌ፣ አልበከርኪ፣ ቱሳን ወይም ፊኒክስ የኖረ ሰው እነዚህን ቤቶች ያውቃቸዋል። ጣሪያቸው ጠፍጣፋ ነው፣ ማዕዘናቸው ዶልዶም ያለ፣ ቀለማቸው አፈር አፈር የሚል። ከጣሪያው ዝቅ ብሎ ክብ ክብ ግንዶች ከግድግዳው ወጣ ወጣ ብለው ይታያሉ። ቪጋ ይባላሉ። በድሮዎቹ የጭቃ ቤቶች ጣሪያውን የሚሸከሙት እነሱ ነበሩ፤ በላያቸው ቀጫጭን እንጨት ይረበረብና አፈር ይደለደልበታል። ጭቃ ከጭድ አቡክቶ ቤት ሲሠራ ላየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ዛሬ በየሰፈሩ በጅምላ በሚሠሩት ቤቶች ላይ ግን አብዛኛው ቪጋ ጌጥ ነው። አጭር ጉማጅ እንጨት ከውጭ በቡሎን ተይዞ በልስን ይከበባል።

እና ይበሰብሳል። ፊኒክስ በዓመት 200 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ዝናብ እያገኘች እንጨት እንዴት ይበሰብሳል? መልሱ የዝናቡ መጠን ላይ አይደለም። ግንዱ ተቆርጦ የውስጥ ቃጫው የሚታይበት ጫፍ ውሃ ይመጥጣል። ፀሐይ ታደርቀዋለች፣ ይሰነጠቃል፤ በሚቀጥለው ዝናብ ስንጥቁ ውሃ ይይዛል። ሻጋታው እንጨቱን መብላት የሚችለው እርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ ሲሆን ነው። የበረሃ እንጨት በደህናው ጊዜ ከ10 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ የበሰበሰ ቪጋ ካያችሁ፣ እዚያች ቦታ ላይ ውሃ ደጋግሞ እየገባ ሳይወጣ ይቆያል ማለት ነው። ያንን ውሃ ሳትዘጉ አዲስ እንጨት ብትሰቅሉ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያው መሰላል ላይ ናችሁ።

መጀመሪያ፦ ተሸካሚ ነው ወይስ ጌጥ?

ይህን ሳታውቁ መጋዝ አታንሱ። ወደ ቤት ግቡና ከውጭ ግንዱ በሚታይበት ትክክል ኮርኒሱን ተመልከቱ። ግንዱ ከውስጥም ከቀጠለ ተሸካሚ ነው። ኮርኒሱ ልሙጥ ከሆነ ጌጥ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ግን የድሮ ቤት ከሆነ ግንዱ ከኮርኒሱ በላይ ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ጋራዥ ካላችሁ እዚያ እዩት፤ አንዳንድ ጊዜ የጋራዥ ኮርኒስ አይለበጥም። የበረንዳውን ጣሪያ የያዙት ግንዶች ግን ምንም ቢያምሩ ጌጥ አይደሉም።

ተሸካሚ ሆኖ ብስባሱ ከግድግዳው ውጭ ባለው ክፍል ብቻ ከሆነ አይክፋችሁ። ወጣ ያለው ጫፍ ምንም አይሸከምም። ጭነቱ ያለው ግንዱ ግድግዳው ላይ ባረፈበት ቦታ ነው። ብስባሱ እዚያ ድረስ ከዘለቀ ግን ነገሩ የአናጢ ሳይሆን የስትራክቸር መሐንዲስ ሥራ ነው። ጣሪያው ተደግፎ ካልተሠራ አደጋ አለው።

ምልክት፦ በቁመቱ ተሰንጥቋል

ብዙ ሰው የሚደነግጠው በዚህ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ያለ ምክንያት። ክብ ግንድ ሲደርቅ መሰንጠቁ የማይቀር ነው፤ ዙሪያው ከውስጡ ይበልጥ ይሸበሸባል። ስንጥቁ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ከሆነ ተዉት። ወደ ላይ ከሆነ ግን የውሃ ገንዳ ሆኗል ማለት ነው።

ጠንካራ ማጣበቂያ እየሞላችሁ አትድፈኑት። እንጨቱ በየወቅቱ ያብጣል፣ ይሸበሸባል፤ ሙሌቱ ከአንዱ ጎን ይለቅና ውሃው ከሥሩ ይታፈናል። የሚሻለው ከላይ የላሜራ ቆብ ማልበስ ነው። ስለ እሱ ከታች እመለሳለሁ።

ምልክት፦ ግራጫ ሆኗል፣ ጸጉር አውጥቷል

ፀሐይ ናት። ብስባስ አይደለም። በብሩሽ ፈትጉት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፣ ቀለም ያለበት ዘይት ነክ ስቴይን (እንጨቱ ውስጥ የሚሰርግ ቅብ) አጠጡት። ብርጭቆ የሚመስለውን ቫርኒሽ አትቀቡ፤ በዚያ ፀሐይ ቶሎ ይላጣል። በደቡብና በምዕራብ በኩል ያሉት በየሁለት ዓመቱ ገደማ መታየት ይፈልጋሉ፤ የሰሜኖቹ ይቆያሉ።

ምልክት፦ ጫፉ ጠቁሯል፣ ሲጫኑት ይገባል

ይኸኛው እውነተኛው በሽታ ነው። ካቻቪቴ ያዙና ጫፉን ውጉት። ደህና እንጨት ይገፋችኋል። የበሰበሰው ውስጥ ካቻቪቴው ያለ ድምፅ ይሰምጣል፤ ስታወጡት የሚላቀቀው እንጨት ሰንጠቅ ብሎ አይወጣም፣ እንደ ኩብ እየተቆራረሰ ይፈረፈራል። በመዶሻም አንኳኩት፤ ደህናው ይጮኻል፣ የታመመው ይደፈናል።

አሁን ብስባሱ የት ድረስ እንደሄደ ማወቅ አለባችሁ። በ6 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ከታች በኩል ወደ ግድግዳው አቅጣጫ አዘንብላችሁ ብሱት። የሚወጣውን ፍቅፋቂ ተመልከቱ። ነጣ ያለና የተጠቀለለ ከሆነ ደህና ነው። ጥቁር ዱቄት ከሆነና መሰርሰሪያው በድንገት ወደ ፊት ከሸሸ ደርሳችሁበታል። በየ10 ሳንቲ ሜትር ደጋግሙ። ቀዳዳዎቹ ከታች ስለሆኑ ውሃ አይገባባቸውም፤ በኋላ በእንጨት ሽብልቅ ትደፍኗቸዋላችሁ።

ብስባሱ የላይኛው ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ላይ ብቻ ከሆነ በመሮ ፍቁት፣ አድርቁት፣ ቦሬት የተባለውን መድኃኒት አጠጡት፣ የጎደለውን በእንጨት ኢፖክሲ (ተበጥብጦ የሚጠነክር ሙሌት) ሙሉት። ቦሬት የሚገባው ባልተቀባ እንጨት ውስጥ ነው፤ በቀለም ላይ ቢቀባ ገንዘብ ማባከን ነው። ዝናብም ስለሚያጥበው ከላዩ ስቴይን ይፈልጋል።

ጫፉ ጥልቅ ድረስ ከሄደ ደግሞ ቁረጡት። ሰው ይህን አማራጭ ለምን እንደሚረሳው አይገባኝም። 60 ሳንቲ ሜትር ወጥቶ የነበረውን 40 ብታደርጉት ማንም አያስተውልም፤ ሁሉንም እኩል ካሳጠራችሁ ደግሞ ቤቱ እንዲያውም ይስተካከላል። ስትቆርጡ ቀጥ አድርጋችሁ አትቁረጡ። ከላይ ረዘም፣ ከታች አጠር ይበል። ያኔ ውሃው ከላይኛው ጠርዝ ይንጠባጠባል እንጂ ፊቱን እየላሰ አይወርድም። አዲሱን ፊት በዚያው ቀን አጠጡት፤ የተቆረጠው ቃጫ ክፍት ሆኖ አይደር።

ምልክት፦ ጫፉ ደህና ነው፣ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት በስብሷል

ይኸኛው ተንኮለኛ ነው። ከሩቅ ስታዩት ቪጋው ጤነኛ ይመስላል። ከሥሩ ግን ልስኑ ላይ ቡናማ ዝርግ ነጠብጣብ ወርዷል። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ነው፦ የፓራፔቱ (ከጣሪያው ጠርዝ በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው አጭር ግድግዳ) አናት ተሰንጥቋል፣ ወይም ካናሌ የሚሉት የጣሪያ ውሃ ማፍሰሻ ከግድግዳው ጋር በተገናኘበት ላልቷል፣ ወይም በልስኑና በእንጨቱ መካከል ዙሪያውን ክፍተት ተፈጥሯል። ሳንታፌ ላይ በረዶም አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በረዶው በቪጋው ጀርባ ላይ ተቀምጦ ቀስ እያለ ይቀልጣል። የሣር ማጠጫ አቅጣጫውን ስቶ በየጠዋቱ ቪጋ የሚያጥብበት ቤትም አለ፤ እሱንም እዩ።

ለማጣራት የውሃ ጎማ ይበቃል። ከታች ጀምሩ። መጀመሪያ ከቪጋው በታች፣ ቀጥሎ ጎኑን፣ ቀጥሎ መጋጠሚያውን፣ መጨረሻ ፓራፔቱን አጠጡ፤ በየመሀሉ ትንሽ ቆዩ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም ስለሚያርስ የትኛው እንደሚያስገባ አትለዩትም።

ክፍተቱን ስትዘጉ የሚለጠጥ የውጭ ማሸጊያ ተጠቀሙ። ከላይና ከሁለቱ ጎን ብቻ ዝጉ። ከታች ክፍት ተዉት! ዙሪያውን ማሸግ ሥራ የጨረሰ ይመስላል፤ ግን የገባው ውሃ መውጫ ያጣል። ብዙ ቪጋ የሚሞተው በዚህ ጥንቃቄ ነው።

ምልክት፦ ቀዳዳ፣ ዱቄት፣ የጭቃ ቱቦ

ከመሬት ተነስቶ ግድግዳው ላይ የወጣ ቀጭን የጭቃ መስመር ምስጥ ነው። ከቪጋው ሥር ጤፍ የሚያካክል ደረቅ ፍሬ ከተጠራቀመ የደረቅ እንጨት ምስጥ ሊሆን ይችላል፤ አሪዞና ውስጥ አለ። የጣት ውፍረት ያለው ጥርት ያለ ክብ ቀዳዳ ከታች ካያችሁ ደግሞ እንጨት የምትበሳዋ ንብ ናት። ለምስጡ ፈቃድ ያለው የተባይ ባለሙያ ጥሩ። ለንቧ ቀዳዳውን በመድኃኒት አክሙና ድፈኑ፤ ውስጥ እያለች መድፈን ግን ዋጋ የለውም፣ በሌላ በኩል ትበሳለች።

መቀየር ግድ ሲሆን

ሰፈሩ ኤችኦኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ካለው አስቀድሞ በጽሑፍ ጠይቁ። ሳንታፌ ታሪካዊ ክልል ውስጥ ከሆናችሁ ከ1957 ጀምሮ የውጭ ገጽታን የሚቆጣጠር ደንብ አለ፤ የከተማው ፈቃድ ሊያስፈልግ ይችላል። ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ አሮጌው ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ሳታስመረምሩ አትፈግፍጉ። አንድ ኮንትራክተር አንዱም ቪጋ ሳይወጋ «ሁሉም ይቀየር» ካላችሁ፣ ሌላ ሰው ጥሩ።

ጌጥ የሆነውን ስታወርዱ ልስኑን ዙሪያውን በግራይንደር ቁረጡት፤ አለዚያ ሲነቀል ትልቅ ቁራጭ ይዞ ይወርዳል። ጉማጁን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ በመጋዝ ቁረጡ፤ ቀሪውን በመሮ ሰንጥቃችሁ አውጡና እንዴት እንደታሰረ እዩ። ለክብደቱ ተጠንቀቁ። ውፍረቱ 25፣ ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ደረቅ የጥድ ጉማጅ 13 ኪሎ ገደማ ነው፤ ውሃ የጠጣው ከዚያ ይበልጣል። መሰላል ላይ ብቻችሁን አትሞክሩት።

ከልስኑ ኋላ ያለውን የውሃ መከላከያ ወረቀትና ጣውላ ንኩ። እርጥብ ወይም ጥቁር ከሆነ የሚቀየረው እሱም ነው። አዲሱን ወረቀት የላይኛው የታችኛውን እንዲደርብ አድርጋችሁ አንጥፉ፤ ሽቦ፣ ከዚያ ልስን።

አዲሱን ቪጋ እንደ ድሮው ልስን ውስጥ ባትቀብሩት እመርጣለሁ። ግድግዳው ሙሉ በሙሉ ይለሰን፤ ጉማጁ ጥርስ ባለው ወፍራም የብረት ቡሎን ከውጭ ይታሰር፤ በመካከል አንድ ሳንቲ ሜትር አየር ይተው፤ የብረቱ ቀዳዳ ይታሸግ። ብረቱ የሚይዘው ግድግዳው ውስጥ ባለ ጠንካራ እንጨት ላይ መሆን አለበት፤ ከልስኑ ጋር ብቻ የታሰረ ቪጋ የሚወድቅበት ቀን ይመጣል። ጫፉ ወደ ውጭ ትንሽ ዘንበል ይበል። ቅርፊቱ የተላጠና በደንብ የደረቀ ጥድ ወይም ዳግላስ ፈር ግዙ፤ ትልቁን ስንጥቅ ወደ ታች አዙሩት፤ ከመሰቀሉ በፊት ሁለቱንም ጫፍ አጠጡ።

ቆቡ ከላይ ይመጣል። የመዳብ ወይም የገላቫናይዝድ ላሜራ ከግንዱ የላይኛው ሲሶ ላይ ታጥፎ ጠርዙ ከእንጨቱ ትንሽ ወጣ ብሎ ወደ ታች ይታጠፍ፣ ውሃው እዚያ እንዲንጠባጠብ። ከታች ለቆመ ሰው አይታይም።

ፎቅ ላይ፣ በምዕራብ በኩል፣ መሰላል በማይደርስበት ቦታ ከሆነ ግን ስለ ፎም ቪጋ (ከጠጣር ሰው ሠራሽ አረፋ የተሠራ) አስቡበት። ቀላል ነው፣ አይበሰብስም፣ ከሩቅ ልዩነቱ አይታይም። ከበር በላይ፣ ለዓይን በሚቀርብ ቦታ አልሰቅለውም፤ ያስታውቃል።

ሥራውን በሚያዝያና በግንቦት ጨርሱት። በአካባቢው የሞንሱን (የዝናብ) ወቅት የሚባለው ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 30 ነው። ከ40 ዲግሪ በላይ ኢፖክሲ ሳትጨርሱ ይደርቅባችኋል፤ ስቴይኑም ሳይገባ ላዩ ላይ ይደርቃል። አዲሱን ልስን ለጥቂት ቀን ውሃ እየረጫችሁ አርጥቡት፣ በዚያ ደረቅ አየር ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ጥገናው ከአሮጌው ግድግዳ ጋር ቀለሙ አይገጥምም፤ ያንን ቦታ ብቻ ከመለጠፍ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን አንድ ጊዜ ቀቡት፤ የተፈቀደውን የቀለም ቁጥር ኤችኦኤው ስለሚይዘው ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።